ሻርፕ ስንት ላድርገው? የሙሽራ ፊት፣ የስሜን ገደልና የሌሊት ሻማ አንድ ቁጥር አይስማማቸውም

ፎቶ ኤዲት ማድረግ የጀመረ ሰው ሁሉ ይህችን ጥያቄ ይጠይቃል፦ «ሻርፕኒንጉን ስንት ላይ ላድርገው?» የሚፈልገው የፎቶው ጠርዝ ጥርት ብሎ እንዲታይ የሚያደርገውን ቅንብር ቁጥር ነው። ቁጥር የሚሰጡም አይጠፉም፤ አንዱ 70 ይላል፣ ሌላው 100 አድርገህ እለፍ ይላል፣ ሦስተኛው የራሱን ፕሪሴት (አስቀድሞ የተቀመጠ ቅንብር) በቴሌግራም ይልካል። ቁጥሩ የወጣው ለየትኛው ፎቶ እንደሆነ ግን ማንም አይጠይቅም። ለሙሽራ ፊት የሠራ ቁጥር ስሜን ተራራ ላይ ምንም አያመጣም። የስሜኑን ሙሽራዋ ላይ ብትጭኑት ደግሞ እናቷ አልበሙን ገልጣ «ልጄን ምን አደረጋችኋት?» ማለቷ አይቀርም።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሁሉም የሚጨቃጨቀው አማውንት በሚባለው ስላይደር (የሚጎተት መቆጣጠሪያ) ነው፤ ፎቶን የሚያሳምሩትም የሚያበላሹትም ግን ከታች የማስረዳቸው ሬዲየስና ማስኪንግ ናቸው። ከእነሱ ቀጥሎ የሚወስነው ፎቶው የት እንደሚታይ ነው፤ ስልክ ላይ ነው ወይስ ወረቀት ላይ? እነዚህን ሁለት ነገሮች ካወቃችሁ ቁጥሩን ራሳችሁ ታገኙታላችሁ። እዚህ የምጠቅሳቸው ቁጥሮች ላይትሩምና ካሜራ ሮው የሚባሉት የአዶቤ ፎቶ ማስተካከያዎች ናቸው፤ ሁለቱ ከውስጥ አንድ ስለሆኑ በአንዱ ያያችሁት በሌላውም ይሠራል። ሌላ ፕሮግራም የምትጠቀሙም አትሂዱ፣ ወደ እናንተም እመጣለሁ።

መጀመሪያ ይሄን ለዩ፦ ሮው ነው ጄፔግ?

ሻርፕኒንግ ካሜራው ያላየውን አያመጣም። ሥራው ጠርዝ መፈለግ ነው። ጨለማና ብርሃን የሚገናኙበትን መስመር ያገኝና የጨለማውን ወገን ትንሽ ያጠቁራል፣ የብርሃኑን ወገን ትንሽ ያነጣል። ዓይናችን ያንን ልዩነት ሲያይ ፎቶው የጠራ ይመስለዋል። ዘዴው ከኮምፒውተር በፊትም ነበረ፤ በፊልም ዘመን ጨለማ ክፍል ውስጥ የኔጌቲቩን የደበዘዘ ግልባጭ ሠርተው ከዋናው ጋር ደርበው ያትሙ ነበር። ፎቶሾፕ ውስጥ ያለው አንሻርፕ ማስክም የወረሰው ይህንኑ አሠራር ነው።

ስለዚህ ፎከስ የሳተ ፎቶ በሻርፕኒንግ አይድንም። ፎከሱ ጆሮ ላይ ካረፈ ይበልጥ የሚጠራው ጆሮው ነው፣ ዓይኑ እንደደበዘዘ ይቀራል። እጅ ተንቀሳቅሶ መስመሩ ሁለት ሆኖ ከወጣም ሁለቱንም መስመሮች ነው የምታጎሉት። እንዲህ ያለውን ፎቶ ጣሉት፣ ወይ አሳንሳችሁ ተጠቀሙበት።

ታዲያ ደህና ሆኖ የተነሳ ፎቶ ለምን ሻርፕኒንግ ያስፈልገዋል? ዲጂታል ካሜራ ከተፈጥሮው ትንሽ ያለሰልሳል። አብዛኞቹ ሴንሰሮች ላይ አንድ ፒክስል የሚያየው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ቀይ ወይ አረንጓዴ ወይ ሰማያዊ። ይህን አደራደር የፈጠረው የኮዳኩ ብራይስ ቤየር ነው፣ ፓተንቱም እ.ኤ.አ. በ1976 ወጣ። ሶፍትዌሩ የቀሩትን ሁለት ቀለሞች ከጎረቤት ፒክስሎች እየገመተ ይሞላል፣ በግምቱ ውስጥ ጠርዙ ይለሰልሳል። በዚያ ላይ ብዙ ካሜራዎች ሴንሰሩ ፊት ለፊት ምስሉን ሆን ብሎ በጥቂቱ የሚያደበዝዝ ማጣሪያ አላቸው፤ ጨርቅና ፍርግርግ ላይ የሚመጣውን የቀለም ሞገድ እንዲከላከል ነው። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2012 ዲ800 እና ዲ800ኢ የሚባሉ ሁለት ካሜራዎችን ጎን ለጎን ያወጣው በዚሁ የተነሳ ነበር፤ ሁለተኛው የማጣሪያው ውጤት እንዲሰረዝ ተደርጎ የተሠራ ነው። የእናንተ ካሜራ ማጣሪያ ከሌለው ዝቅ ካለ ቁጥር ጀምሩ፤ ፎቶው መጀመሪያውኑ የጠራ ነው።

ሮው ፋይል ላይ፣ ማለትም ካሜራው ሳያዘጋጅ በጥሬው ባስቀመጠው ላይ፣ ላይትሩም ሳትነግሩት 40 አማውንት፣ 1.0 ሬዲየስ፣ 25 ዲቴልና 0 ማስኪንግ ይሰጣችኋል። ካሜራው አዘጋጅቶ በሚያወጣው ጄፔግ ላይ ግን አማውንቱን ዜሮ ያደርገዋል፤ ካሜራው ራሱ ሻርፕ አድርጎ ስለጨረሰ ነው። ብዙ ሰው ይህን ልዩነት ሳያይ ለሮው የተሠራ ፕሪሴት ጄፔግ ላይ ይጭናል፣ ከዚያ ቅጠሉ ሁሉ ቆርቆሮ ይመስላል። ስልክ ደግሞ የባሰ ነው። ከስልክ የወጣ ጄፔግ ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ሻርፕ ተደርጎ ነው የሚወጣው፤ 100% ላይ አጉሉትና ጣሪያው ከሰማዩ ጋር የሚገናኝበትን እዩ፣ ነጭ ክር የተዘረጋ ከመሰለ በቃ፣ ዜሮ ላይ ተዉት።

አራቱ ስላይደሮች እኩል አይደሉም

አማውንት ከ0 እስከ 150 ይሄዳል። ስንት ያህል ይጠቁር፣ ስንት ያህል ይንጣ የሚለውን ይወስናል። በቃ። የሌሎቹ ሦስቱ መልስ ትክክል ከሆነ 45ም ብትሉት 60 ፎቶው አይሞትም።

ሬዲየስ ከ0.5 እስከ 3.0 ነው፣ መለኪያው ፒክስል ነው። ጥቁረቱና ንጣቱ ከጠርዙ ምን ያህል ርቆ ይሂድ የሚለው ነው። ሳር፣ ጸጉር፣ የድንጋይ ቅንጣት የመሳሰለ ደቃቅ ነገር ትንሽ ሬዲየስ ይፈልጋል፤ 0.7 ወይ 0.8። ሬዲየሱን 2 ላይ ብታደርጉት የአንዱ ሳር ጠርዝ ከጎረቤቱ ሳር ጋር ይጋጭና ሜዳው ሁሉ ጭቃ ይሆናል። ፊት ላይ ግን ጠርዞቹ ወፈር ስለሚሉ 1.2 ገደማ ይመቻል። ከ1.5 በላይ የምትሄዱበት ምክንያት ከስንት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ጠርዙን ተከትሎ የሚወጣውና ኤዲተሮች ሃሎ የሚሉት ነጭ መስመር በብዛት የሚወለደው እዚያ ነው።

ዲቴል ትንሽ ያምታታል። ዝቅ ሲል ሃሎውን አፍኖ ትላልቅ ጠርዞችን ብቻ ይነካል። ከፍ ሲል ደቃቁን ሁሉ፣ ኖይዙን (አሸዋ የሚመስለውን ነጠብጣብ) ጨምሮ፣ ያወጣል። 100 ላይ አድርጎ የተወ ሰው ካያችሁ ወይ በጣም የሚያውቅ ነው ወይ ምንም አላየም።

ማስኪንግ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፣ የሚያሳዝነው ግን ሲጀመር ዜሮ ላይ ስለሆነ ብዙ ሰው ነክቶት አያውቅም። ዜሮ ማለት ሁሉም ቦታ ሻርፕ ይደረግ ማለት ነው፤ ሰማዩም፣ ጉንጩም፣ ከኋላ የደበዘዘው ግድግዳም። ከፍ ባደረጋችሁት ቁጥር ጎላ ያሉ ጠርዞች ብቻ ይቀራሉ። አልት የሚለውን ቁልፍ፣ ማክ ላይ ኦፕሽንን፣ ተጭናችሁ ስላይደሩን ስትጎትቱ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ነጩ ሻርፕ የሚደረገው ነው፣ ጥቁሩ የሚተወው። ለቁጥሩ አትጨነቁ፤ ሊነካ የማይገባው ቦታ እስኪጠቁር ጎትቱት። አልት ሌሎቹ ስላይደሮች ላይም ይሠራል፤ ሬዲየስ ላይ ተጭናችሁ ብታዩት ጠርዙ ስንት እንደወፈረ ፍንትው ብሎ ይታያል።

ፊትና ገደል

እነዚህ ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው፤ እነሱን ካያችሁ ሌላው በመካከላቸው ይወድቃል።

የሙሽራ ፊት ላይ የምንፈልገው ሽፋሽፍቱ፣ ቅንድቡ፣ የከንፈሩ ጠርዝ፣ ሹሩባውና ጌጡ ጥርት እንዲል፣ ቆዳው ግን እንዳለ እንዲቀር ነው። ሜካፕ ያለበት ቆዳ ደግሞ ሻርፕኒንግን አይወድም፤ ፓውደሩ በ100% ሲታይ ቅንጣት ቅንጣት ሆኖ ይወጣል። እስክስታው ከተጀመረ በኋላ የተነሳ ከሆነማ ላቡም አለ። አማውንት ከ40 እስከ 50፣ ሬዲየስ 1.2፣ ዲቴል ከ10 እስከ 20፣ ማስኪንግ ከ70 እስከ 80 አድርጋችሁ ጀምሩ። አልትን ተጭናችሁ ግንባርና ጉንጭ ጥቁር፣ ዓይንና ጸጉር ነጭ ከሆኑላችሁ ጨርሳችኋል።

የአያት ፊት ግን ሌላ ነው። እዚያ ላይ የግንባሩ መስመር ራሱ ፎቶው ነው፣ እሱን ደብቃችሁ ምን ልታሳዩ ነው? ማስኪንጉን ወደ 30 ወይ 40 አውርዱት፣ ዲቴሉን ወደ 30 አውጡት፣ ሬዲየሱን 1.0 ላይ ተዉት። ሙሽራዋና አያቷ አንድ ፎቶ ውስጥ ጎን ለጎን ከቆሙ ለሙሽራዋ በሚስማማው ጀምሩና የአያትን ፊት በብሩሽ (አንድ ቦታን ብቻ ቀብቶ በሚያስተካክለው መሣሪያ) ለብቻ ጨምሩበት። ብሩሹ ላይ ያለው ሻርፕነስ በተቃራኒውም ይሄዳል፤ ከዜሮ በታች ስታወርዱት አጠቃላዩን ሻርፕኒንግ ይቀንሳል፣ ከ-50 ሲያልፍ ደግሞ ማደብዘዝ ይጀምራል።

የሀበሻ ቀሚስ ነገር ለብቻው ይነሳ። ጥለቱ ማስኪንጉን 75 ብታደርጉትም ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ምክንያቱም በጣም የጎላ ጠርዝ ነው፤ ስለዚህ ፊቱን ያዳናችሁበት ቅንብር ጥለቱን ሙሉ በሙሉ ሻርፕ ያደርገዋል ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ያምራል። አንዳንድ ጊዜ ግን ደቃቁ ሸማ ላይ በካሜራው ምክንያት የቀስተ ደመና ሞገድ ተፈጥሮ ይሆናል፣ ሻርፕኒንጉ ደግሞ እሱን ያጎላዋል። ላይትሩም ብሩሽ ውስጥ ሞይሬ የሚል ስላይደር አለ፤ ጨርቁን ቀቡና ከፍ አድርጉት፣ በዚያው ብሩሽ ሻርፕነሱን ወደ -30 አውርዱ። ሞገዱ ፎቶው ሲያንስ እንደገና ሊመጣ ስለሚችል በመጨረሻው መጠኑ አንድ ጊዜ እዩት።

አሁን ወደ ስሜን። የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8 ላይ፣ ትሪፖድ ተተክሎ፣ አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ላይ የተነሳ ገደል፣ ከፊቱ ጓሳና ጅባራ። እዚህ ሁሉም ነገር ደቃቅ ነው፣ ኖይዝም የለም። አማውንት ከ60 እስከ 70፣ ሬዲየስ 0.7 ወይ 0.8፣ ዲቴል ከ40 እስከ 50። ማስኪንግ ከ10 እስከ 25፤ ሰማዩ እስኪጠቁር ብቻ። ጭላዳ ዝንጀሮ ቀርቦ ተቀምጦ ከሆነም ይሄው ነው፣ የትከሻውን ጎፈር የሚያወጣው የሬዲየሱ ማነስ ነው።

ሩቁ ሸንተረር ግን በጉም ተሸፍኖ ሰማያዊ ሆኖ ቢታይ ሻርፕኒንግ አትጨምሩበት። እዚያ የጎደለው ጠርዝ ሳይሆን ኮንትራስት ነው፣ መድኃኒቱ ጭጋግ የሚገፈው ዲሄዝ የሚባል ስላይደር ነው፣ እሱም በልክ። ገደሉ ከሰማዩ ጋር የሚገናኝበት መስመር ደግሞ ሃሎ መጀመሪያ የሚታይበት ቦታ ስለሆነ ኤክስፖርት ከማድረጋችሁ (ጨርሳችሁ ፋይሉን ከማውጣታችሁ) በፊት እዚያ ላይ አጉሉና ቃኙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለፉጂ ሰዎች፦ ኤክስ-ትራንስ የሚባለው ሴንሰር የቀለም አደራደሩ ከሌሎቹ ይለያል። ላይትሩም ላይ ሻርፕኒንጉ ሲበዛ ሳርና ቅጠል ላይ ትል የሚመስል ቅርጽ ይመጣል። ለስሜን የሰጠሁትን አማውንት በግማሽ ቀንሳችሁ ጀምሩ።

ሌሊት፣ ሻማና ከፍተኛ አይኤስኦ

የሌሊት ቅዳሴ፣ የከተራ ማታ፣ ደመራው ከተለኮሰ በኋላ ያለው ጨለማ። አይኤስኦ 6400 ነው፣ እያንዳንዱ የኖይዝ ቅንጣት ለሶፍትዌሩ ጠርዝ ነው፤ ከሽፋሽፍት አይለየውም። ላይትሩም የሰጣችሁን 40 እና ዜሮ ማስኪንግ እንዳለ ከተዋችሁ ጨለማው ሁሉ አሸዋ ይሆናል።

ቅደም ተከተሉን አትርሱ፦ መጀመሪያ ኖይዝ ቅነሳ፣ ከዚያ ሻርፕኒንግ። አማውንት ከ20 እስከ 30፣ ዲቴል ከ0 እስከ 10፣ ማስኪንግ ከ80 በላይ። ሻማው የበራለት ፊትና የነጠላው ጠርዝ ብቻ ነጭ ይሁኑ፣ ሌላው ይጥቆር። አዶቤ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ያመጣው በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሠራው ዲኖይዝ ሮው ፋይል ካላችሁ ይህን ሒሳብ ይቀይረዋል፤ ኖይዙን በደንብ ስለሚያጠራ አማውንቱን ወደ 40 መመለስ ትችላላችሁ። ኮምፒውተራችሁ ደህና ግራፊክስ ካርድ ከሌለው ግን ለአንድ ፎቶ ብዙ ደቂቃ ያስጠብቃችኋል፤ የሰርግ 600 ፎቶ በዚህ ልታሳልፉ ካሰባችሁ መብራት የማይጠፋበትን ቀን ምረጡ።

የእንጀራ ዓይን የሻርፕኒንግ ሥራ አይደለም

የምግብ ፎቶ የምታነሱ ሰዎች እንጀራው ላይ ሻርፕኒንግ ትቆልላላችሁ፣ ዓይኑ ግን እንደፈለጋችሁት አይወጣም። ምክንያቱ መጠን ነው። ቀርቦ የተነሳ የእንጀራ ዓይን በብዙ ፒክስል የሚለካ ነገር ነው፣ 1 ፒክስል ሬዲየስ ያለው ሻርፕኒንግ ጫፉን ብቻ ነው የሚነካው። እዚህ የሚሠራው ቴክስቸር ነው፣ አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2019 የጨመረው ስላይደር። ከ15 እስከ 25 በቂ ነው። ክላሪቲ ደግሞ ከዚያም ሰፋ ያለውን ይነካል፤ ሙሉውን ሰሃን ያጠቁረዋል፣ ወጡን የቆየ ያስመስለዋል። ለምግብ እኔ አልነካውም።

በነገራችን ላይ ወጡ ላይ የሚያብረቀርቀው ቅቤ ሻርፕኒንግ ሲበዛበት ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል። ማስኪንግ አያድነውም፣ ራሱ ጎላ ያለ ጠርዝ ነውና። አማውንቱን ቀንሱ ወይ በብሩሽ አውርዱ።

ይህ ልዩነት ፊት ላይም ይሠራል፦ ቴክስቸርን ወደ -10 ማውረድ ቆዳን ያለሰልሳል፣ ሽፋሽፍቱን ግን ብዙም አይጎዳውም። ክላሪቲን ሴት ፊት ላይ 40 ማድረግ ግን ፀብ መፈለግ ነው።

የብራና ወይም የድሮ ደብዳቤ ፎቶ ካላችሁ ሬዲየስ 0.8፣ ማስኪንግ ከ40 እስከ 50። ፊደሉ ይጥራ፣ የቆዳው ቀዳዳ ይረፍ። ስካን የተደረገ የቤተሰብ ፎቶ ላይ ደግሞ መጀመሪያ አቧራውንና ጭረቱን አጽዱ፤ ሳታጸዱ ሻርፕ ካደረጋችሁ ከአያታችሁ ፊት በፊት የሚታየው አቧራው ነው።

ፎቶሾፕ ውስጥ ከሦስቱ የቱ?

አንሻርፕ ማስክ፣ ስማርት ሻርፕንና ሃይ ፓስ። ሦስቱም ይሠራሉ፣ ጥያቄው የቱን መቼ የሚለው ነው።

አንሻርፕ ማስክ ሦስት ነገር አለው፦ አማውንት፣ ሬዲየስና ትሬሾልድ። ትሬሾልድ የማስኪንግ ደሃ ዘመድ ነው፤ ልዩነታቸው ከተወሰነ ደረጃ በታች የሆኑ ፒክስሎችን ይዘላል። ለፊት 3 ወይ 4፣ ለመልክዓ ምድር 0 ወይ 1። ፈጣን ነው፣ ሌላ ምስጋና ግን የለውም።

ስማርት ሻርፕን የተሻለ ነው። ምን ዓይነት ድብዘዛ እንደምታስወግዱ ይጠይቃችኋል፣ «ሌንስ ብለር» የሚለውን ምረጡ፤ ሃሎው ያንሳል። ጨለማና ብርሃን ቦታ ላይ ለየብቻ መቀነስም ይቻላል፤ ነጭ ነጠላ ለብሶ ጥቁር በር ፊት የቆመ ሰው ላይ ይህ አማራጭ ወርቅ ነው፣ ምክንያቱም ነጩ ወገን ላይ ያለውን ብቻ ታፍኑታላችሁ።

ሃይ ፓስ የሰርግ ኤዲተሮች ፍቅር ነው፣ እውነትም ለአንድ ነገር የሚስተካከለው የለም፦ አንድ ቦታን ብቻ ለይቶ ለማጉላት። ሌየሩን (የፎቶውን ንብርብር) ቅዱ፣ ሃይ ፓስን ከ1 እስከ 3 ባለው ሬዲየስ አድርጉ፣ ፎቶው ግራጫ ሲሆን የሌየሩን ሁኔታ ወደ ኦቨርሌይ ወይ ሶፍት ላይት ቀይሩ፣ ከዚያ ሌየሩን የሚሸፍን ጥቁር ማስክ ጨምራችሁ ዓይኑን ብቻ በነጭ ብሩሽ አውጡ። ሶፍት ላይት ገር ነው፣ ሊኒየር ላይት ጨካኝ ነው። ሙሉ ፎቶው ላይ በሬዲየስ 10 የሚጭኑት ሰዎች ግን ሻርፕ እያደረጉ ሳይሆን ክላሪቲ እየሠሩ ነው፣ ፊቱም የተቀረጸ እንጨት ይመስላል።

ላይትሩም ያለው ሰው ለዘጠኝ ፎቶ ከአሥሩ ፎቶሾፕ ድረስ መሄድ የለበትም።

ሳይከፈልበት

የአዶቤን ወርሃዊ ክፍያ መክፈል ሁሉም አይችልም፣ ከአገር ቤት ደግሞ ለውጭ ክፍያ የሚሆን ካርድ ራሱ ጣጣ ነው። ለሮው ፋይል እኔ የማስቀድመው ሮው ቴራፒን ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው 5.8 ጀምሮ ካፕቸር ሻርፕኒንግ የሚባል አለው፣ ሬዲየሱን ከፎቶው ራሱ አስልቶ ያመጣል፤ ለጀማሪ ከላይትሩምም ይቀላል ባይ ነኝ። ዳርክቴብል ኃይለኛ ነው፣ ነገር ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። «ዲፊዩዝ ኦር ሻርፕን» የሚለው ሞጁሉ ውስጥ ያሉትን ስላይደሮች አንድ በአንድ ከመጎርጎር የተዘጋጁትን ፕሪሴቶች ምረጡ። ጂምፕ አንሻርፕ ማስክ አለው፣ ከፎቶሾፑ ጋር አንድ ነው፤ ብቻ ከፍቶ የሚሰጣችሁ ሬዲየስ 3 ስለሆነ ወደ 1 አውርዱት።

ስልክ ላይ ስናፕሲድ አለ። ዲቴይልስ ውስጥ ሁለት ነገር ታገኛላችሁ፦ ስትራክቸርና ሻርፕኒንግ። ስትራክቸር የክላሪቲና የቴክስቸር ዘመድ ነው፣ ሕንፃና ድንጋይ ላይ ጥሩ፣ ፊት ላይ አስቀያሚ። ሻርፕኒንግን ከ20 አታሳልፉ፣ ፎቶው ስልክ ላይ የተነሳ ከሆነማ ጭራሽ ተዉት።

የት ሊታይ ነው?

ሥራውን በሦስት ደረጃ የመክፈል ሐሳብን ያስፋፋው ብሩስ ፍሬዘር የሚባል የፎቶሾፕ ባለሙያ ነው፦ መጀመሪያ የካሜራውን ልስላሴ ማካካስ፣ ከዚያ አንዳንድ ቦታን መርጦ ማጉላት፣ በመጨረሻ ፎቶው ለሚወጣበት ቦታ ማዘጋጀት። እስካሁን ያወራነው ሁለቱን ነው። ሦስተኛውን አብዛኛው ሰው ይዘለዋል፣ ብዙ ጊዜ «ላፕቶፔ ላይ ጥርት ያለው ፎቶ ሲለጠፍ ለምን ደበዘዘ?» የሚለው ቅሬታም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

አስቡት። 24 ሜጋፒክስል ካሜራ 6000 በ4000 ፒክስል ይሰጣችኋል። ኢንስታግራም 1080 ፒክስል ስፋት ላይ ሲያሳየው ከአምስት እጥፍ በላይ አነሰ ማለት ነው። በ0.8 እና በ1.2 ሬዲየስ መካከል የተጨነቃችሁበት ልዩነት ከአንድ አሥረኛ ፒክስል በታች ሆኖ ጠፋ። ለስልክ የሚሄድ ፎቶ ላይ የሚታየው ከተቀነሰ በኋላ የተደረገው ሻርፕኒንግ ነው። ስለዚህ ቅነሳውን ለመተግበሪያው አትተዉለት፤ ላይትሩም ኤክስፖርት ላይ ስፋቱን 1080 አድርጉ፣ ከታች ሻርፕን ፎር ስክሪን፣ ስታንዳርድ። ፊት ከሆነ ሎው ይበቃል። ሃይን የምመርጠው ለምንም አይደለም።

ቴሌግራም ፎቶ አድርጋችሁ ስትልኩ ይጨምቃል፣ ፋይል አድርጋችሁ ስትልኩ አይነካውም። ለደንበኛ የምታስረክቡትን በፋይል፣ ለወዳጅ ዘመድ ቡድን የምትለጥፉትን በፎቶ። ዲሲም ሆነ ዱባይ ያለው ዘመድ በስልኩ ስለሚያየው ለሁለተኛው ቀድማችሁ አሳንሱት።

ወረቀት ላይ ታሪኩ ይገለበጣል። 30 በ40 ሴንቲሜትር በ300 ፒክስል በኢንች 3543 በ4724 ፒክስል ነው፣ ከካሜራችሁ ፋይል ብዙም አይርቅም። ስለዚህ የመጀመሪያው ደረጃ ምርጫችሁ ሁሉ፣ ሬዲየሱም ማስኪንጉም፣ እዚህ ይታያል። ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ትንሽ ስለሚሰራጭ ህትመት ከስክሪን ይበልጥ ይለሰልሳል፤ ማት (የማያብረቀርቅ) ወረቀት ደግሞ ከግሎሲ (ከሚያብረቀርቀው) ይበልጥ ስለሚመጥ ጠንከር ያለ ሻርፕኒንግ ይችላል። ላይትሩም ኤክስፖርት ላይ ሁለቱን ለይቶ አስቀምጦላችኋል፣ ትክክለኛውን ምረጡና ስታንዳርድ ላይ ተዉት። ለህትመት የተዘጋጀ ፋይል ስክሪን ላይ 100% ሲታይ ትንሽ የበዛ መምሰል አለበት፣ አትደንግጡ። ወደ 50% አሳንሳችሁ ስታዩት ለወረቀቱ የቀረበ ስሜት ይሰጣል።

አልበም የሚያትምላችሁን ቤት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ከማተማችሁ በፊት እናንተም ሻርፕ ታደርጋላችሁ? አዎ ካሉ የእናንተን የኤክስፖርት ሻርፕኒንግ አጥፉ። ሁለቴ የተደረገ ሻርፕኒንግ ወረቀት ላይ ከወጣ በኋላ የሚመልሰው የለም። ለመንገድ ባነር ግን አትልፉ፣ ሰው ከአሥር ሜትር ነው የሚያየው።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንሱስ?

የደበዘዘን ፊት አጥርቼ እመልሳለሁ የሚሉት መተግበሪያዎች ከሻርፕኒንግ ጋር መወዳደር የለባቸውም፣ ሥራቸው ሌላ ነው። የጠፋውን ይገምቱና ይስላሉ። የሚስሉት ሽፋሽፍት የሙሽራዋ ሽፋሽፍት አይደለም። ከኋላ የሱቅ ማስታወቂያ ካለበት ፎቶ ላይ ሞክሩት፤ የደበዘዘው የአማርኛ ጽሑፍ ፊደል የሚመስል ግን ፊደል ያልሆነ ነገር ሆኖ ሊመለስ ይችላል። ለቤት ግድግዳ የሚሰቀል ፎቶ ከሆነ የባለቤቱ ምርጫ ነው፤ ለዜና፣ ለማስረጃ ወይም ለጥናት የሚውል ፎቶ ላይ ግን ጨርሶ አትጠቀሙበት።

ሥራ ለማቅለል ሦስት ፕሪሴት ብቻ ይኑራችሁ፦ ፊት፣ ገደል፣ ሌሊት። ስታስቀምጡ የሻርፕኒንጉን ሳጥን ብቻ ምረጡ፣ ቀለምና ብርሃን አታስገቡበት፣ አለበለዚያ ሻርፕ ለማድረግ ብላችሁ ስትጫኑት የሠራችሁት ቀለም ሁሉ ይገለበጣል። ማስኪንጉን ግን ለእያንዳንዱ ፎቶ አልትን ተጭናችሁ እንደገና አስተካክሉ፤ ከሩቅ የተነሳ ፊትና ከቅርብ የተነሳ ፊት በአንድ ማስኪንግ አይሸፈኑም፣ ሥራው ደግሞ ሦስት ሰከንድ ነው።